ከሃምሳ በኋላ መጠናናት፦ ወረቀቱ ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ፍቅርና ትዳር የሚጻፈው ሁሉ ለወጣቱ ነው። ስለ ቬሎ ኪራይ፣ ስለ ሚዜ ልብስ፣ ስለ አዳራሽ ዋጋ፣ ስለ ሽማግሌ አላላክ ብዙ ገጽ ይባክናል። ሃምሳውን አልፎ፣ ልጅ አሳድጎ፣ የትዳር ጓደኛውን ቀብሮ ወይም ፈትቶ እንደገና ሰው የሚፈልገው ጎልማሳ ግን ስሙ ከተነሳም ወይ ለሳቅ ነው ወይ ለተግሣጽ። ሀዋሳ ውስጥ አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ጥግ ጥግ የሚይዙትን ወጣቶች ሁሉም ያያል። ማለዳ እዚያው ዳርቻ ላይ፣ አንዷ ነጠላዋን በሹራብ ላይ ጣል አድርጋ፣ አንዱ የልጁን አሮጌ ስፖርት ጫማ ተጫምቶ፣ ጎን ለጎን የሚራመዱትን ሸበቶዎች ግን ሰው ባልና ሚስት ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። ከመካከላቸው ገና እየተጠናኑ ያሉ አሉ።

የምጽፈው በቤተሰብ ምክርና በውርስ ክርክር ላይ ከሚሠሩ ባለሙያዎች እንደ አንዱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ፍቅር የመፈለግ ነገር አይጠፋም፤ ሰው ስለ ፍቅር የሚጠይቀው ጥያቄ ነው የሚለወጠው። ልማዳችን ግን ሁሉንም እንደ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሽራ ያስተናግዳል፤ ምንም የሌላቸው ሁለት ሰዎች ከዜሮ የሚጀምሩ ይመስል። የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው ቤት አለው፣ ልጅ አለው፣ ጡረታ አለው፣ መድኃኒት አለው፣ ያልተዘጋ የፍርድ ቤት መዝገብም ሊኖረው ይችላል። እነዚህን ሳያነሱ በሁለት ሽማግሌና በአንድ ድግስ የሚገባበት ትዳር በኋላ ክስ ሆኖ ይመጣል።

በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ጥያቄው "ይወደኛል ወይ?" ነው። መልሱም የሚፈለገው ከውጭ ነው፦ መልእክቴን አይቶ ስንት ሰዓት ቆየ፣ ጓደኞቼ ምን አሉ፣ እናቴ ትቀበለዋለች ወይ። ሠላሳዎቹ ሲገቡ "መቼ ነው?" የሚለው የዘመድ ጥያቄ በየበዓሉ ይመጣል፤ ሚዛኑም ወደ ደመወዝ፣ ወደ ቤት ኪራይ፣ ወደ ሃይማኖትና ወደ ልጅ ያዘነብላል። የሴት የመውለድ ዕድል ከ35 ዓመት በኋላ ፈጠን ብሎ ስለሚቀንስ ጫናው በእሷ ላይ ይበረታል። በዚህ ዕድሜ ተቻኩለው ከተጋቡት ጥቂት የማይባሉት አርባዎቹ ውስጥ ፈት ሆነው እናገኛቸዋለን።

በአርባዎቹ ሚዛኑ ተገልብጦ ይመጣል። ከአንድ ትዳር የወጣ ሰው የሚፈልገውን በቅጡ መናገር ቢያቅተው እንኳ የማይችለውን አጣርቶ ያውቃል። መጠጥ፣ ደመወዝ መደበቅ፣ አኩርፎ ሳምንት ዝም ማለት፣ እናቱ ቤት ሄዶ መማከር፦ እነዚህን ከሩቅ ያሸታቸዋል። ስለዚህ የአርባ አምስት ዓመት ሴት ከመልኩና ከአነጋገሩ ይልቅ አስተናጋጁን እንዴት እንደሚያናግር፣ የቀድሞ ሚስቱን ስም ሲያነሳ ምን እንደሚል፣ ለልጆቹ ቀለብ ይቆርጥ እንደሆነ ታያለች። ጥሩ አድርጋለች። ለልጆቹ ያልከፈለ ሰው ለእሷ ልጆች ይሆናል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው።

ስድሳው ሲመጣ፣ ሰውየውም ጡረታ ሲወጣ፣ ነገሩ ወደ ምሽቱ ይጠብባል። ማን ጋር እራት ይበላል? ሌሊት ደረቱን ቢወጋው ማን ባጃጅ ይጠራል? በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ላውራ ካርስተንሰን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያስረዳችው ነገር ይህን ይገልጸዋል። ሰው የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑ ሲሰማው አዲስ ትውውቅ ማብዛቱን ትቶ ልቡን ለሚያሳርፉት ለጥቂት ሰዎች ጊዜውን ይሰጣል። በዚህ ዕድሜ ብዙ ሰው አለማወቅ የብቸኝነት ምልክት ላይሆን ይችላል፤ መርጦ ነው። ልጆች "እማዬ ከማንም ጋር አትገናኝም፣ አሁን ደግሞ ከየት አመጣችው?" ሲሉ ይህን ነው የሚስቱት።

ወንዱና ሴቷ እዚህ ላይ ይለያያሉ። ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ብዙ ጊዜ ዓመቱ ሳይዞር ያገባል፤ ቤቱ ስለሚፈርስበት፣ ምግብ ማብሰል ስለማያውቅ፣ ዘመድም "ሰው ይግባበት" ብሎ ስለሚገፋው። ባሏ የሞተባት ሴት ታመነታለች። አብዛኞቹ ከፍቅሩ ይልቅ አስታማሚ መሆኑን ነው የሚፈሩት፤ አንዱን ባል አስታምመው ቀብረዋልና። ይህን ፍርሃት ወንዶች ስድብ አድርገው ይወስዱታል፤ ስድብ አይደለም፣ ስሌት ነው። የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ስኳር ወይም የደም ግፊት ካለበት ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀጠሮዎች በአንዱ ይናገር። መድኃኒቱን በሰዓቱ እንደሚውጥ፣ የራሱን እንጀራ ራሱ አውጥቶ እንደሚበላ ያሳይ። ሰባት ዓይነት ወጥ የሚሠራ ሰው አያስፈልግም፤ ሽሮ መሥራትና ቡና ማፍላት የሚያውቅ ይበቃል።

የሚተዋወቁበት ቦታ ከወጣቱ ይለያል። ሰንበቴና ማኅበር፣ ዕድር፣ ልቅሶ ቤት፣ የጡረታ ክፍያ ቀን የባንክ ወረፋ፣ የስኳር ክትትል የሚደረግበት ክሊኒክ፣ የጠዋት እግር ጉዞ። አጀማመሩ በዝግታ ነው፦ "እትዬ፣ ወረፋው እስኪደርሰን እዚህ ጥላ ሥር ይቀመጡ"፤ በሚቀጥለው ወር "ዛሬ ዘግየት አሉ፣ ደኅና ነዎት?"፤ ከዚያ ቡና። ከአንቱታ ወደ አንቺ ለመውረድ ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዶቹ ተጋብተውም አይወርዱም። ይህን ዝግታ የሚያጣድፍ ሰው ከመጣ፣ በተለይ በፌስቡክ በኩል ከሆነ፣ ጠንቀቅ ነው። ማጭበርበሩ የታወቀ መልክ አለው፦ ውጭ የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ኢንጂነር ወይም ሐኪም ነኝ የሚል፣ በሳምንት ውስጥ "ባለቤቴ" ብሎ የሚጠራ፣ ቪዲዮ ሲደወል ሁሌ ካሜራው የተበላሸበት ሰው ነው። ወር ሳይሞላ ስጦታ ልኬያለሁ ይላል፤ ቀጥሎ "የጉምሩክ ወኪል" ነኝ የሚል ሁለተኛ ሰው ደውሎ ለማስለቀቂያ ገንዘብ ይጠይቃል። መጀመሪያ ትንሽ ይጠይቃሉ፤ የከፈለ ሰው የመጀመሪያውን ላለማጣት ሁለተኛውን እንደሚከፍል ስለሚያውቁ። ጉምሩክ ቀረጥ የሚሰበስበው በደረሰኝ ነው፤ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ወይም በግለሰብ የቴሌብር ቁጥር አያስከፍልም። ፊት ለፊት ላላዩት ሰው ብር አይላክ፣ መታወቂያ ፎቶ ተነሥቶ አይላክ፣ በስልክ የመጣ የማረጋገጫ ቁጥር አይነገር።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

በመጀመሪያ የሚጣራው ሁለቱም ለማግባት ነፃ መሆናቸው ነው። እዚህ ላይ በጣም የሚደጋገም ጥፋት አለ። "በሽማግሌ ተለያይተናል፣ ዕቃ ተካፍለናል፣ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖናል" ይባላል። በሽማግሌ መለያየት ፍቺ አይደለም። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ በስምምነትም ይሁን በአንዱ ጥያቄ ውሳኔው የፍርድ ቤት መሆን አለበት። ረጅም ዘመን ተለያይተው የየራሳቸውን ሕይወት የመሠረቱ ሰዎችን ጋብቻ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት እንደ ፈረሰ የቆጠረባቸው ጉዳዮች አሉ። ያ ግን ተከራክሮ፣ ምስክር አሰምቶ የሚገኝ ነው። የመጀመሪያው ጋብቻ ሳይፈርስ ሌላ መፈረም ደግሞ በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል። ስለዚህ ፈት ነኝ ያለ ሰው የፍቺ ውሳኔውን ግልባጭ ያሳይ፤ ሞቶብኛል ያለ የሞት የምስክር ወረቀቱን። ያላገባ መሆን ማስረጃ ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ማውጣት ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አያስተማምንም፤ የድሮ ጋብቻ ሁሉ አልተመዘገበም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲሱ መልክ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ያደገበትን ቀበሌና የቀድሞ ዕድሩን መጠየቅ ከወረቀቱ የበለጠ ያወጣል።

ለሴቷ ደግሞ ቀን አለ። በአንቀጽ 16 መሠረት ጋብቻዋ የፈረሰባት ሴት እንደገና ለማግባት 180 ቀን መቆየት አለባት። ምክንያቱ የልጅ አባትነት እንዳይምታታ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከወለደች፣ የቀድሞ ባሏን መልሳ የምታገባ ከሆነ፣ ወይም እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ አይከለክላትም። ያረጠች የስድሳ ዓመት ሴት ስድስት ወር ትጠብቅ ማለት ለእኔ ትርጉም የለውም፤ የሐኪም ወረቀት ይዛ ትቅረብ። በእስልምና ባሏ የሞተባት ሴት የመቆያ ጊዜ (ዒዳ) አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፤ ይህ በዕድሜ አይቀነስም።

የአንቀጽ ቁጥሮቹን ከፌዴራሉ አዋጅ ነው የምጠቅሰው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ ሀዋሳ በደቡብ ክልል ሥር በነበረችበት ጊዜ የወጣው አዋጅ ቁጥር 75/1996 ነው። ይዘታቸው በአብዛኛው ይመሳሰላል፣ ቁጥሩ ግን ሊለያይ ስለሚችል ውል የሚያዘጋጀው ሰው የሚሠራበትን ሕግ ያረጋግጥ።

ሁለተኛው ወጥመድ ቤቱ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ብወስድ አይፈረድብኝም። ታቦር አካባቢ ወይም መናኸሪያ ሰፈር ቤት ያላትን አራት ልጅ ያላት ባልቴት እናስብ። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ቤቱን በትዳር ውስጥ ነው የሠሩት። እሷም ጎረቤቱም ልጆቹም "የእማማ ቤት" ይሉታል። በሕግ ግን ግማሹ ብቻ ነው የእሷ። የባሏ ግማሽ በሞተበት ቀን ለአራቱ ልጆች አልፏል፤ ለእያንዳንዳቸው የቤቱ አንድ ስምንተኛ። ውርሱ ስላልተጣራ ማንም አላሰበበትም። አዲስ ባል ሲገባ ነው አንዱ ልጅ ከእንቅልፉ የሚነቃው፤ ያኔ የውርስ ጥያቄው ከቁጣ ጋር ተደባልቆ ይመጣና "እናታችንን አታግባ" የሚለው ነገር "ቤታችንን ልቀቅ" ይሆናል። መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይወጣል፤ ቀጥሎ ድርሻ ይለያል። ቤቱ የማይከፈል ከሆነ ልጆቹ እናታቸው በሕይወት እስካለች እንድትኖርበትና እንድታከራየው በጽሑፍ ይስማማሉ። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌ የሚቀበሉት።

ሦስተኛው ወጥመድ ኪራዩ ነው። አንቀጽ 57 ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረትና በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ ንብረት የግል ነው ይላል። ሰዎች ይህችን ይሰሙና ይተኛሉ። አንቀጽ 62 ደግሞ ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ የጋራ ነው ይላል። ለምሳሌ በግቢዋ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ቢኖሩና እያንዳንዳቸው በወር 4,000 ብር ቢከራዩ፣ በዓመት 144,000 ብር ነው፤ በአምስት ዓመት 720,000። ቤቱ የግሏ ሆኖ፣ ይህ ገንዘብ ግን የሁለቱም ነው፤ ሳይበላ ከቆየ ግማሹን፣ 360,000 ብሩን፣ እሱ ቢሞት የእሱ ልጆች መጥተው ይጠይቃሉ። የእሱም የጡረታ አበል ወደ ጋራው ይገባል። በዚያ ገንዘብ አራተኛ ክፍል ከተሠራ ደግሞ የማን ነው? ግቢው የግል፣ ብሎኬቱ የጋራ። ፍርድ ቤት ለባለሙያ ግምት ልኮ ዓመት ይፈጃል።

የግል ንብረት ሸጦ ሌላ መግዛትም ይበላሻል። መኪናዋን ሸጣ በገንዘቡ ባጃጅ የገዛች ሴት ባጃጁ የግሏ ይመስላታል። በአንቀጽ 58 መሠረት እንዲህ የተገዛ ንብረት የግል የሚሆነው ፍርድ ቤት በጥያቄዋ እንዲያ ብሎ ሲወስን ነው። ያላስወሰነች እንደሆነ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ሊብሬው በስሟ ቢሆንም። ሽያጩና ግዢው በተደረገበት ወር ማመልከቻ ማስገባት ቀላል ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የባንክ ወረቀት ፍለጋ መሄድ ግን ፈተና ነው።

ይህን ሁሉ በጋብቻ ውል ማስተካከል ይቻላል። ውሉ ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ይደረጋል። በአንቀጽ 44 መሠረት በጽሑፍ መሆንና በአራት ምስክሮች መረጋገጥ አለበት፣ ሁለት በባል፣ ሁለት በሚስት በኩል። ሦስት ምስክር ብቻ ያለው ውል ወይም አራቱም በአንድ ወገን የሆኑበት ውል አይጸናም። ቅጂው በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ጋብቻ በሚመዘገብበት ጽሕፈት ቤት (በክብር መዝገብ) ይቀመጣል። ውሉ ውስጥ "ንብረታችን የየራሳችን ነው" ብሎ መጻፍ አይበቃም። የቤቱ ካርታ ቁጥርና ስፋት፣ የመኪናው ታርጋና ሻንሲ ቁጥር፣ በየባንኩ ያለው ሒሳብ በዕለቱ ስንት እንደሆነ፣ የዕቁብ ዕጣ ወጥቶ ከሆነ የቀረው ክፍያ፣ ያለ ብድር፣ ከልጆች ጋር ያለው የውርስ ድርሻ ይዘርዘር። ወርቅ በግራም ይጻፍ፤ "የአንገት ወርቅ" ብቻ የሚል ቃል ሁለት ሰው ያጣላል። ኪራይ ወዴት እንደሚገባ ለብቻው አንቀጽ ይሰጠው። ለምሳሌ ከ12,000 ብሩ 5,000 ለቤት ወጪ፣ የቀረው በእሷ ሒሳብ ለቤት እድሳት የሚል አጻጻፍ ይሠራል። ከተጋቡ በኋላ የሚያደርጉት ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ "በኋላ እንፈርማለን" የሚለው ነገር ራስን ማታለል ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሙሽራ ሲሆን ግን ይረሳዋል።

ብዙዎች ወረቀት እንዳይመጣ ብለው ሳይጋቡ አብረው መኖርን ይመርጣሉ። ልጆች እንዳይቆጡ፣ ዘመድ እንዳይሰማ፣ ከሟች ባል የሚመጣው አበል እንዳይነካ። ይህም ከሕግ አያመልጥም። እንደ ባልና ሚስት አብረው ሦስት ዓመት ከኖሩ በአንቀጽ 102 መሠረት በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው። ስለ ጡረታው፣ የሞተ ጡረተኛ የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው አበል ሟቹ ያገኝ ከነበረው ግማሽ ነው፤ ለመጠየቅም የጋብቻ ማስረጃ ይፈለጋል። አንድ ጊዜ የተቆረጠ አበል እንደገና ማግባት ምን እንደሚያደርገው ግን በጎረቤት ወሬ አይወሰንም። የጡረታ መለያ ቁጥርን ይዞ ቅርንጫፉ ጽሕፈት ቤት ሄዶ፣ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ነው።

ውርስ ላይ አንድ ነገር ሁሉንም ያስደነግጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያለ ኑዛዜ ሲሞት ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ ወራሽ አይደሉም። የጋራ ንብረት ግማሹን ይወስዳሉ፤ የቀረው ለልጆች፣ ልጅ ከሌለ ለወላጆች ነው። በሃያ ዓመት የተጋቡ ሰዎች ሀብታቸው ሁሉ የጋራ ስለሆነ ይህ አይጎዳቸውም። በስድሳ የተጋቡ ግን አብዛኛው ነገር የግል ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት አስታምማ የኖረች ሴት ባሏ በተቀበረ በአርባው ቀን ከቤቱ ውጪ ትባላለች። ሕጉ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፣ ኑዛዜ አልተጻፈም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ (አንቀጽ 881) በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡም ቀኑም እዚያው ሰነዱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም የሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ኑዛዜ ሲፈርስ የምናየው አብዛኛውን ጊዜ "ተነበበ" የሚለው ቃል ስለተረሳ ነው። ሙሉ ቤቱን ለሚስቱ መስጠት የማይፈልግ ሰው በሕይወት እስካለች እንድትኖርበት ብሎ ባለቤትነቱን ለልጆቹ ሊተው ይችላል። በእኔ እምነት ከሃምሳ በኋላ ለሚጋቡ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ማስታረቂያ የለም፤ ልጆቹም ሲሰሙት ፊታቸው ይፈታል።

ስለ ልጆቹ ካነሳን አይቀር፣ አነጋገሩም ሥርዓት አለው። ታላቁ ወይም ታላቋ ለብቻ፣ ከሰፈር ሰው በፊት ይስሙ። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት "አንድ ነገር ልንገራችሁ" ማለት አደጋ ነው፤ አንዱ ከተቆጣ ሌሎቹ በይሉኝታ ይከተሉታል። ሲነገራቸው ሰውየው ማን እንደሆነና ቤቱ ምን እንደሚሆን በአንድ ጊዜ ይነገር፤ ሁለተኛውን ለነገ ካሉት ልጁ ሌሊቱን የራሱን መልስ ሲፈጥር ያድራል። ፈቃድ አይለመንም። "አግብቼ ልኑር ወይ?" ብሎ የጠየቀ ወላጅ "አይሆንም" የሚል መልስ ሲመጣ ይታሰራል። ውጭ አገር ሆኖ በየወሩ ብር የሚልክ ልጅ ካለ፣ ብሩ ቢቀር ቤቱ እንዴት እንደሚተዳደር አስቀድሞ ማስላት ብልህነት ነው፤ እንደ ማስፈራሪያ የሚጠቀሙበት አሉ። ሰውየውን "አባ" በሉት ማለትም አይገባም፤ ጋሼ ይበቃል። ቤት ውስጥ ያለው ልጅ አሥራዎቹ ውስጥ ከሆነ ጥንዶቹ አብረው ከማደራቸው በፊት ለወራት ምሳ እየበሉ ቢለማመዱ ይሻላል።

የሰውነቱን ነገር አፍረው ስለሚያልፉት እኔ በአጭሩ ልናገር። ያረጠች ሴት ብልቷ ሊደርቅና ግንኙነት ሊያማት ይችላል፤ ፋርማሲ የሚሸጥ ውሃማ ማለስለሻ ጄል ይረዳል። ቫዝሊንና ዘይት ግን ኮንዶምን ያዳክማሉ። ወር አበባ ሳይመጣ አሥራ ሁለት ወር እስኪሞላ እርግዝና ቀርቷል አይባልም። ወንዱ ላይ የሚታየው ድክመት ብዙ ጊዜ ከስኳር፣ ከግፊትና ከአንዳንድ የግፊት መድኃኒት ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ነው። ቪያግራ በሚባለው ስም የሚታወቀውን ሲልዴናፊል ከኪስ ነጋዴ ገዝቶ መዋጥ፣ በተለይ ለደረት ሕመም ናይትሮግሊሰሪን ወይም አይሶሶርባይድ ለሚወስድ ሰው፣ ግፊቱን በአንዴ ጥሎ ሊገድለው ይችላል። ኤችአይቪ ሁለቱም ይመርመሩ፤ በቅርቡ ተጋላጭነት ከነበረ ከሦስት ወር በኋላ ይደገም። ሄፓታይተስ ቢም አብሮ ይታይ፤ አንዱ ካለበት ሌላው ክትባቱን ይጀምር፣ ሦስት ጊዜ ነው፤ ዛሬ፣ በወሩና በስድስተኛው ወር። "በዚህ ዕድሜ ኮንዶም ለምኔ" የሚል ሰው እርግዝናን ብቻ ነው ያሰበው።

ቤተ ክህነትን በተመለከተ፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ባል ወይም ሚስት የሞተበት ሰው እንደገና ቢያገባ አይነቀፍም፤ የመዓስባን ጋብቻ የራሱ ጸሎት አለው፣ ተክሊል ግን የለውም። ለተፋቱት ጉዳዩ ጠበቅ ስለሚል ከንስሐ አባት ጋር ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ሽምግልናው ላይ ለሃምሳ አምስት ዓመት ሴት አምስት ሽማግሌ ወደ ወንድ ልጇ መላክ እኔን ያሳፍረኛል፤ እናትን ከልጅ ላይ መጠየቅ ነውና። ሁለት ሰው ወደ ራሷ ወይም ወደ ታላቅ ወንድሟ ቢሄድ ይበቃል። ሀዋሳ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ኦሮሞው የተጋባባት ከተማ ስለሆነች የሁለቱን ወገን ወግ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ቢኖር ከሦስት ይበልጣል። ደግሞ ዕድሩን አይርሱ። አዲሱ ባል ወይም ሚስት በዕድሩ መዝገብ ላይ ካልተጻፈ ደንቡ በሚለው መሠረት ድንኳንና ገንዘብ ሊከለከል ይችላል፤ የእንጀራ ልጆችም ይቆጠሩ እንደሆነ የዕድሩን ዳኛ መጠየቅ ነው።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ በሠርግ ሰሞን የአዳራሽና የመኪና ዋጋ በምታወጡበት ገጽ ላይ የጋብቻ ውልና የኑዛዜ መሥፈርት በአንድ ዓምድ ቢወጣ። የክብር መዝገብ ሠራተኞችም ሸበቶ ጥንዶች ሲመጡ "ልጆቻችሁ ያውቃሉ?" እያሉ ከመሳቅ ይልቅ "የጋብቻ ውል አዘጋጅታችኋል?" ብለው ይጠይቁ። ጋብቻው በሃይማኖት ወይም በባህል ከተፈጸመም በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይንገሯቸው። ለማግባት ለተዘጋጁት የማክለው ምስክሮችን ነው፤ ለውሉም ለኑዛዜውም ከልጆችና ከወራሾች ውጭ የሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከተናዛዡ አነስ ያለ፣ አድራሻቸው የሚታወቅ ሰዎች ይመረጡ፤ ክርክሩ በሚመጣበት ቀን በሕይወት ሆነው የሚገኙ ያስፈልጋሉና።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤተሰብ ጉዳይ ባለሙያ፣ ከሀዋሳ